የብሌክ ሪጅ ቢኤስአር፦ ሞዴሌ ይህን ሁሉ ሃይድሬት ለምን ይጠይቃል?

ሰብለ_ጂኦ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን የምሠራው በባሕር ወለል ደለል ውስጥ ባለው ጋዝ ሃይድሬት ላይ ነው። ቦታው ብሌክ ሪጅ ይባላል። ከአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ራቅ ብሎ አትላንቲክ ውስጥ የተቆለለ ትልቅ የደለል ጋራ ነው። ውሃው ወደ 2,800 ሜትር ይጠልቃል። ከወለሉ 450 ሜትር ያህል ዝቅ ሲባል ደግሞ ቢኤስአር የሚባለው ነጸብራቅ አለ፤ ከመርከብ የተላከ የድምፅ ሞገድ እዚያ ደርሶ ይመለሳል።

ለማያውቁት ባጭሩ ልበል። ቢኤስአር የባሕሩን ወለል ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። የደለሉን ንብርብሮች እያቋረጠ ያልፋል። ፖላሪቲው፣ ማለትም የሞገዱ የመነሻ አቅጣጫ (ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች)፣ ከወለሉ ነጸብራቅ ተቃራኒ ነው። ከመስመሩ በላይ ሚቴንና ውሃ በረዶ መሰል ሃይድሬት ሆነው ይቆያሉ። ከመስመሩ በታች ሙቀቱ ስለሚጨምር ሃይድሬቱ መቆየት አይችልም።

አሁን ወደ ችግሬ። ሞዴሌ ባለ ሁለት ዳይሜንሽን አኩስቲክ ፋይናይት ዲፈረንስ ነው፤ ሞገዱን በመረብ ነጥቦች ላይ እያሰላ ያስኬደዋል። ፒ ሞገድን (እየገፋና እየሳበ የሚሄደውን) እና እፍጋትን ብቻ ይዟል። ደለሉ በአብዛኛው ሸክላ ነው፤ ፖሮሲቲው (የቀዳዳ ቦታው ድርሻ) 55 በመቶ። ሃይድሬት በሌለበት የፒ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.67 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ከቢኤስአር በላይ ካለው የቀዳዳ ቦታ 10 በመቶውን በሃይድሬት ስሞላው ፍጥነቱ 1.72 ይደርሳል። ከዚያ የማገኘው የነጸብራቅ ኮኤፊሸንት (የሚመለሰው ሞገድ ከተላከው ጋር ያለው ንጽጽር) -0.014 ብቻ ነው። ዳታው ላይ ግን፣ ከወለሉ ነጸብራቅ ጋር አነጻጽሬ ስለካው፣ ወደ -0.08 ይጠጋል። እዚያ ለመድረስ ሃይድሬቱን ወደ 50 በመቶ ማሳደግ ግድ ሆነብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የውቅያኖስ ቁፋሮ ፕሮግራም በ164ኛው ጉዞው እዚያው ቆፍሯል። የተገኘው ሃይድሬት በአማካይ ከቀዳዳው ቦታ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ሞዴሌ ምን ጎደለው? ቀመሩን ልቀይር? ወይስ ዳታውን እንደገና ልመልከት?

—

ጌታሁን_ላብ መለሰ፦

ሰብለ፣ ከቢኤስአር በታች ጋዝ አስገብተሻል? ከጻፍሽው የገባኝ ከላይ ሃይድሬት፣ ከታች ውሃ ብቻ እንዳለ ነው። ከሆነ ጨዋታው እዚያ ነው ያለው። ዝርዝሩን ኦቢኤስ_ሰው ቢመልስልሽ ይሻላል፤ እሱ የዕለት ሥራው ነው።

—

ኦቢኤስ_ሰው መለሰ፦

ሰብለ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ብዙ ሰው 50 በመቶ ሲወጣለት "ቀመሩ ያለው ነው" ብሎ ያልፋል። አንቺ ከቁፋሮው ጋር አስተያይተሽ ቆም ብለሻል። እኔ እዚህ ኖርዌይ የምሠራው ባሕር ወለል ላይ የሚቀመጡ የሴይስሞሜትሮችን ዳታ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ነገር ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። ቀመር ከመምረጥሽ በፊት ሃይድሬቱ የት እንደተቀመጠ ጠይቂ። ከዚያ በፊት ግን ጌታሁን ያነሳውን ጋዝ እንጨርስ።

ያንቺን ደለል ወስጄ አሰላሁት። ፖሮሲቲ 55 በመቶ፣ ጥልቀት 450 ሜትር። ለአጽሙ (ቅንጣቶቹ ተነካክተው ለሚሠሩት መዋቅር) የኸርትዝ-ሚንድሊን፣ ለፈሳሹ የጋስማን ቀመር ተጠቀምሁ። መጨመቅን የመቋቋም አቅሙን ለውሃው 2.5 ጊጋፓስካል፣ ለጋዙ በዚያ ግፊት 0.1 ጊጋፓስካል አደረግሁት። ልብ በይ፣ ጋዙ ከውሃው 25 ጊዜ ለመጨመቅ ይቀላል። ስለዚህ ከቀዳዳው 2 በመቶ ብቻ ጋዝ ሆኖ እኩል ሲበተን የፒ ፍጥነቱ ከ1.67 ወደ 1.44 ይወርዳል። ይህ ከባሕር ውሃው ፍጥነት እንኳ ያነሰ ነው። 5 በመቶ ካደረግሽው ወደ 1.25 ይወርዳል። ኤስ ሞገድ፣ ማለትም ደለሉን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄደው፣ ግን አይነካም ማለት ይቻላል። ፈሳሽም ጋዝም ሸርን (የጎን መንሸራተትን) ስለማይቃወሙ በቀዳዳው ውስጥ የትኛው እንዳለ ለእሱ ግድ የለውም።

አሁን ነጸብራቁን ተመልከቺ። ከላይ ምንም ሃይድሬት ሳይኖር፣ ከታች 2 በመቶ ጋዝ ብቻ ካለ ኮኤፊሸንቱ -0.077 ነው። ያንቺ -0.08 ማለት ነው፤ ያለ ሃይድሬት! ከላይ 10 በመቶ ሃይድሬት ስትጨምሪበት -0.09 ይሆናል። ሃይድሬቱ ያዋጣው ጥቂቱን ነው። የቢኤስአር ድምቀት በዋናነት የሚነግርሽ ከታች ያለውን ጋዝ ነው። ከላይ ስላለው ሃይድሬት የሚለው እጅግ ትንሽ ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ እንዳይመስልሽ። ያነሳሽው የ1995ቱ ቁፋሮ ራሱ አሳይቶታል። 994፣ 995 እና 997 የተባሉት ጉድጓዶች በአንድ ጋራ ላይ ናቸው። 995 እና 997 ላይ ቢኤስአሩ ቁልጭ ያለ ነው። 994 ላይ ግን የለም። ሃይድሬት መኖሩ ግን በሦስቱም ታወቀ። ይህን ውጤት ለሁሉም አዲስ ተማሪ አስተምረዋለሁ። ምክንያቱም እስከ ዛሬ ድረስ የቢኤስአር ድምቀት አይቶ የሃይድሬት ሀብት ካርታ የሚሥል ሰው አለ። አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሬት ሲፈርስ 164 ሜትር ኩብ ያህል ሚቴን ይለቃል። እንግዲህ ሙሌቱ (ሃይድሬቱ የሞላው የቀዳዳ ድርሻ) 5 በመቶ ነው ወይስ 50 የሚለው ቀልድ አይደለም። ስለ ኃይል ምንጭም፣ ስለ ባሕር ወለል መንሸራተትም፣ ስለ አየር ንብረትም የሚባለው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። 2 በመቶ ያልኩት ጋዙ እኩል ተበትኖ እንደሆነ ነው። ጋዙ እዚህም እዚያም ተከማችቶ፣ በመሃሉ ሙሉ በሙሉ ውሃ የያዘ ደለል ካለ ሒሳቡ ይለወጣል። በዚህ አቀማመጥ 2 በመቶ ጋዝ ፍጥነቱን ወደ 1.60 ብቻ ነው የሚያወርደው። ያንኑ 1.44 ለማግኘት 8 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ "ጋዙ 2 በመቶ ነው" ብለሽ በእርግጠኝነት አትጻፊ። ሁለቱንም ጫፍ አስልተሽ በመሃላቸው ያለውን ክልል አሳዪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከቢኤስአር በላይ ያለውን 10 በመቶ ሃይድሬት የት አስቀመጥሽው? 1.72 ካወጣሽ ፈሳሹ ውስጥ ነው ያስገባሽው። ማለትም ሃይድሬቱ በቀዳዳው መሃል ተንሳፍፎ የደለሉን ቅንጣቶች አይደግፍም። ሌላው አማራጭ ቅንጣቶቹ መሃል ገብቶ የአጽሙ አካል መሆን ነው። እንጨት አስቢ። ወለል ላይ ተጋድሞ ቤት ውስጥ ቢገኝ ጣራውን አይሸከምም። ያው እንጨት ምሰሶ ሆኖ ሲቆም ግን ቤቱን ያጸናዋል። የእንጨቱ መጠን አልተለወጠም።

ይህን ሁለተኛውን አሰላሁት። አጽሙን የሚደግፍ 10 በመቶ ሃይድሬት የፒ ፍጥነቱን 1.73 ያደርገዋል። ያንቺ 1.72 ነበር። ልዩነቱን በምን ትለዪዋለሽ? በፒ ሞገድ ፈጽሞ አይለይም። ኤሱን ግን ተመልከቺ። ሃይድሬት የሌለበት ደለል 435 ሜትር በሰከንድ ነው። ተንሳፋፊ ሃይድሬት ሲኖር 436። ደጋፊ ሲሆን ወደ 460 ይዘልላል። ሙሌቱን 30 በመቶ ብታደርጊው ተንሳፋፊው ኤሱን 438 ላይ ያቆየዋል፤ ደጋፊው 530 ያደርሰዋል። የሃይድሬቱን አቀማመጥ የሚናገረው ኤስ ሞገድ ነው። አኩስቲክ ሞዴል ደግሞ ኤስን ጭራሹኑ አያውቀውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ የሁለት ዳይሜንሽኑን ሞዴል ለጊዜው ተዪው። በአንድ ዳይሜንሽን ንብርብር ሞዴል ላይ ሁሉንም አማራጭ ፈትሺ። ጋዝ ያለበትና የሌለበት፣ እኩል የተበተነና የተከማቸ፣ ተንሳፋፊና ደጋፊ። ላፕቶፕ ላይ በደቂቃ ያልቃል። የሚሆነውን ከለየሽ በኋላ ብቻ ወደ ኢላስቲክ (ኤስንም ጭምር ወደሚያሰላ) ሁለት ዳይሜንሽን ሂጂ። ኢላስቲክ ዋጋው ከባድ ነውና። በ80 ሄርዝ የፒ ሞገድሽ አጭሩ ርዝመት 18 ሜትር ነው፤ የኤሱ ግን 5.4 ሜትር ብቻ። መረቡን ከሦስት እጥፍ በላይ ማጥበብ ይኖርብሻል። የጊዜ እርምጃውም አብሮ ያጥራል። ጠቅላላ ሥራው ከ30 እጥፍ በላይ ያድጋል። ለወለሉ ቅርብ በሆነው ለስላሳ ደለል ኤሱ ከዚህም በጣም ያነሰ ስለሆነ ደግሞ ይብሳል።

—

ሰብለ_ጂኦ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋዙን ዛሬ ከሰዓት አስገብቼ አየሁት። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ 2 በመቶ ላይ አምፕሊቱዱ (የነጸብራቁ ጉልህነት) ገጠመ። አማካሪዬም የ994ን ነገር ሳነሳለት በጣም ወደደው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የኤስ ሞገድ ዳታ የለኝም፣ መርከብ ከኋላው በሚስበው ኬብል የተቀዳ ብቻ ነው ያለኝ። ነጸብራቁ ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ባየው፣ ኤሱን በዚያ መንገድ ማግኘት አልችልም? ብዙ ጽሑፍ ላይ ይህን ሲያደርጉ አያለሁ።

—

ኦቢኤስ_ሰው፦

ይቻላል፤ ግን ብዙ አትጠብቂ። ያንኑ ቁጥር ይዘን እንሂድ። ቢኤስአሩ በቀጥታ ሲመታ -0.09 ነው። ሞገዱ በ30 ዲግሪ አዘንብሎ ሲመታ ወደ -0.11 ይጨምራል። ይህ መጨመሩ የጋዝ ምልክት ነው፤ ለዚያ በደንብ ይጠቅምሻል። ሃይድሬቱ ተንሳፋፊ ነው ወይስ ደጋፊ የሚለው ግን በ40 ዲግሪ እንኳ የሚያመጣው ለውጥ 0.01 አይሞላም። ምክንያቱ ደለሉ በጣም ለስላሳ መሆኑ ነው። የኤስና የፒ ፍጥነት ንጽጽር ሩብ ገደማ ነው። እሱ ደግሞ በቀመሩ ውስጥ በካሬ ነው የሚገባው። ስለዚህ የኤስ ድምፅ በነጸብራቁ ውስጥ ይሰጥማል። የኬብሉ ጩኸትና የአምፕሊቱድ ማስተካከያ ስህተት ከዚያ ይበልጣል።

ትክክለኛው መንገድ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሴይስሞሜትር ነው። ኤስ ሞገድ ውሃ ውስጥ አይሄድም። ስለዚህ መርከቧ የሳበችው ኬብል በቀጥታ አይሰማውም። ወለል ላይ ያለው መሣሪያ ግን ፒ ሆኖ ወርዶ ኤስ ሆኖ የተመለሰውን ይቀበላል። ትርፉን በቁጥር ልንገርሽ። ብሌክ ሪጅ ላይ ሃይድሬቱ ያለው ከወለሉ በታች ከ200 እስከ 450 ሜትር ነው እንበል፤ ውፍረቱ 250 ሜትር። ሁለቱ የሃይድሬት አቀማመጦች በፒ ጉዞ ላይ የሚያመጡት የጊዜ ልዩነት 1 ሚሊሰከንድ ነው። በኤስ ጉዞ ላይ ግን 30 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ዳታው በ2 ወይም በ4 ሚሊሰከንድ የሚቀዳ ከሆነ የትኛው እንደሚታይሽ ግልጽ ነው። እኔ ይህን ሙያ የመረጥኩት ለዚህ ነው። የማይታየው ነገር እንዲህ በአንድ ለውጥ ወለል ብሎ ሲታይ እስካሁን ልቤን ይሞላዋል።

ብሌክ ሪጅ አካባቢ ከዚህ በፊት የወለል ሴይስሞሜትሮች ተቀምጠዋል። አማካሪሽ ዳታው ለተማሪ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቅልሽ።

—

ጌታሁን_ላብ፦

ከላብ በኩል ትንሽ ልጨምር፤ ሰብለ ጽሑፍ ስታነብ እንዳትደናገር።

የላብ ውጤቶችን ስታዪ ሃይድሬቱ እንዴት እንደተሠራ መጀመሪያ ተመልከቺ። ጥቂት ውሃ ያለበት አሸዋ ውስጥ ብዙ ጋዝ ከተለቀቀ ሃይድሬቱ ቅንጣቶቹ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ይበቅላል። ውሃው የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ። ያኔ ሲሚንቶ ይሆናል። ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ሃይድሬት ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። ውሃው በዝቶ ጋዙ ሲያንስ ግን ሃይድሬቱ ወደ ቀዳዳው መሃል ያድጋል፤ ፍጥነቱም ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሸዋ ሙከራ ኤሱ በጉልህ የሚነሳው ሙሌቱ 40 በመቶ ገደማ ካለፈ በኋላ መሆኑን አሳይቷል። ባሕር ወለል ላይ ውሃው ብዙ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶውን ቀመር ለብሌክ ሪጅ አትውሰጂ። በጣም ትንሽ ሃይድሬት ይሰጥሻል፤ ያኛው 50 በመቶ እንዳሳተሽ ሁሉ ይህኛው ወደ ሌላው ጫፍ ይወስድሻል።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። የመርከብ ኤርጋን (አየር በግፊት እየለቀቀ ሞገድ የሚፈጥረው) ከ10 እስከ 100 ሄርዝ ባለው ክልል ነው የሚሠራው። ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው የድምፅ መለኪያ በሺዎች፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ ነው። እኛ ላብ ውስጥ በመቶ ሺዎች ሄርዝ እንለካለን። በፍጥነት ላይ ልዩነቱ ብዙም አይጎዳም። በሞገዱ መዳከም ላይ ግን በጣም ይጎዳል። ካናዳ ውስጥ ማሊክ በተባለው ጉድጓድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቆፈረው፣ ሃይድሬት ያለበት አሸዋ በሶኒክ (በጉድጓዱ የድምፅ መለኪያ) ድግግሞሽ ሞገዱን በጣም ሲያዳክመው ታይቷል። ሃይድሬት ድንጋዩን ስለሚያጠነክር ሞገዱን የበለጠ ያሳልፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበርና ብዙ ሰው አስገርሟል። አሁን ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ በሃይድሬቱና በቅንጣቱ መካከል የቀረው ቀጭን ውሃ ሞገዱ ሲጫነው ወዲያ ወዲህ እየተገፋ ኃይሉን ይበላል የሚለው ነው። በሃይድሬቱ ውስጥ ተይዞ የቀረ የጋዝ አረፋም ያንኑ ያደርጋል። ያን የመዳከም ቁጥር ግን ከኪሎ ሄርዙ አንስተሽ ወደ 50 ሄርዝ ሞዴልሽ አታምጪው። ፈሳሹ የሚገፋበት ፍጥነት ከድግግሞሹ ጋር ይለወጣል። ማሊክ ደግሞ መሬት ላይ፣ በቋሚ በረዶ ሥር ያለ አሸዋ ነው። ያንቺ ሸክላ ነው።

—

ኦቢኤስ_ሰው፦

ጌታሁን ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ስለ ሸክላው አንድ ነገር ልጨምርበት። ሸክላ ውስጥ ሃይድሬት ሁልጊዜ ቀዳዳ ውስጥ አይቀመጥም። ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ሃይድሬቱ ደለሉን ገፍቶ ስንጥቅ ውስጥ ያድጋል።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ክሪሽና-ጎዳቫሪ በሚባለው ተፋሰስ ያስቆፈረችው የ10 ቁጥር ጉድጓድ ለዚህ የታወቀ ነው። በምሥራቃዊ ጠረፏ፣ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ። ሃይድሬቱ 130 ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ሸክላ ውስጥ ቀጥ ብለው በቆሙ ስንጥቆች ሞልቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ ደለል በሁሉም አቅጣጫ አንድ አይደለም። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሞገድና በአግድም የሚሄድ ሞገድ የተለያየ ፍጥነት ያገኛሉ። የኤሌክትሪክ መለኪያው ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል። ጅረቱ የሚሄደው በአግድም ነው፤ የቆመ የሃይድሬት ግድግዳ ሲገጥመው መለኪያው ጠቅላላው ደለል ሃይድሬት የሞላው ይመስለዋል። ደለሉን በሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው ብለው ያሰሉት ሙሌት፣ ግፊቱን ጠብቆ ከወጣው ኮር (የደለል ናሙና) ከተለካው በብዙ ይበልጥ ነበር። አቅጣጫውን ያስገባ ሞዴል ሲሠራ ግን ሁለቱ ተቀራረቡ።

ብሌክ ሪጅ ላይ አብዛኛው ሃይድሬት በደቃቁ ደለል ውስጥ ተበትኖ ስለሆነ እንደዚያ አያስቸግርሽም። ነገር ግን መመረቂያሽ ላይ "ደለሉ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው ብዬ ወስጃለሁ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከነምክንያቱ ጻፊው። ሌላ ሰው ሥራሽን ወደ ሌላ ባሕር ሲወስደው ያ ዓረፍተ ነገር ያድነዋል።

—

የፊዚክስ_መምህር፦

ውይይታችሁን በጉጉት ነው የምከታተለው። እኔ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ስለ ሞገድ ስናወራ "ይህ እኛ ጋ ምን ይሠራል?" ይሉኛል። የኛው ጎረቤት ቀይ ባሕር ውስጥ ሃይድሬት ይኖር ይሆን?

—

ኦቢኤስ_ሰው፦

መምህር፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ክፍል ውስጥም ይሠራል። መልሱ አይጠበቅም ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሙቀት ነው። ብሌክ ሪጅ ላይ የወለሉ ውሃ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቀይ ባሕር ግን በጠባብ በር ብቻ ከውቅያኖስ ጋር ስለሚገናኝ ቀዝቃዛው የጥልቅ ውቅያኖስ ውሃ አይገባበትም። እስከ ታች ድረስ 21 ወይም 22 ዲግሪ ነው። ጨውነቱም ከፍ ያለ ነው፤ ጨው ደግሞ ሃይድሬትን ያስቸግረዋል። በዚያ ሙቀት ሚቴን ሃይድሬት እንዲቆይ የሚያስፈልገው ግፊት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ የሚሰጠው ነው። ቀይ ባሕር በጥልቁ ቦታ ብቻ ነው እዚያ አካባቢ የሚደርሰው። ከወለሉ በታች ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ለተማሪዎቹ ግፊትና ሙቀት አንድ ላይ ካልተስማሙ ነገሩ እንደማይሆን በዚህ ማሳየት ይችላሉ።

—

ሰብለ_ጂኦ፦

ጋሼ፣ አማካሪዬ የአንድ የወለል ሴይስሞሜትር ዳታ አገኘልኝ! አራት ቻናል አለው። አንድ ሃይድሮፎን (የውሃውን ግፊት የሚለካ)፣ አንድ ቁልቁል፣ ሁለት አግድም። ሁለቱ አግድሞች ወዴት እንደዞሩ ግን አልተመዘገበም። መሣሪያው ከመርከብ ተለቆ ስለሰመጠ። ከየት ልጀምር?

—

ኦቢኤስ_ሰው፦

እንኳን ደስ ያለሽ! አቅጣጫው አያሳስብሽ። ከመርከቧ በቀጥታ በውሃ የመጣውን ሞገድ ውሰጂ። መርከቧ የት እንደነበረች ይታወቃል። ቅንጣቱ በዚያ አቅጣጫ ነው የሚወዛወዘው። ከተለያየ ወገን የተተኮሱትን ብዙ ምቶች ወስደሽ ሁለቱን አግድሞች አዙሪያቸው። አንደኛው ወደ መርከቧ የሚያይ፣ ሌላው ለእሱ ቀጥ ያለ ይሁን። በትክክል ከዞረ ኤሱ በመጀመሪያው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በሁለተኛው ላይ ይጠፋል። በሁለተኛውም ላይ ብዙ ከቀረ ወይ ማዞሩ አልሠራም፣ ወይ ደለሉ አቅጣጫ አለው። የሕንዱን ጉድጓድ ያኔ አስታውሺው።

ቀጥሎ መሣሪያው ለስላሳ ሸክላ ላይ እንደመቀመጡ አግድሞቹ ይደነዝዛሉ ወይም ይንጫጫሉ። የቁልቁሉን ከሃይድሮፎኑ ጋር አስተያዪ፤ ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያው ምት ይመሳሰላሉ።

ከዚያ አስቸጋሪው ሥራ ይመጣል። ፒ ሆኖ የተመለሰውን አንድ ንብርብር፣ ኤስ ሆኖ ከተመለሰው ከዚያው ንብርብር ጋር ማዛመድ አለብሽ። ቢኤስአሩን ራሱን በኤስ ዳታ ውስጥ አትፈልጊው፤ ጋዙ ኤሱን ስለማይነካው ላይታይሽ ይችላል። ይልቅ ከ200 ሜትር አካባቢ አንድ ግልጽ የደለል ንብርብር፣ ከ450 አካባቢም ሌላ ምረጪ። የሁለቱን የመድረሻ ጊዜ ልዩነት ብቻ ተጠቀሚ። ጠቅላላውን ጊዜ ከወለሉ ጀምረሽ አትውሰጂ። ለወለሉ ቅርብ ያለው ጭቃ የኤስ ፍጥነቱ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ በሰከንድ ከ100 ሜትር ሊያንስ ይችላል። ከላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች የምትስቺው ስህተት ያንን 30 ሚሊሰከንድ በቀላሉ ይውጠዋል። ልዩነቱን ከወሰድሽ ግን የላዩ ጭቃ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ይጠፋፋል።

የዞሩትን ሁለት ቻናሎች ሥዕል ስታወጪ እዚህ ለጥፊው፤ ንብርብሮቹን አብረን እንመርጣለን።